በሞተ ወፍ ሆድ የሚለካው ባሕር፦ 0.1 ግራም ፕላስቲክ እንዴት የመንግሥታት ፈተና ሆነ?

ነሐሴ 2017 ዓ.ም ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት የዓለም አገራት በፕላስቲክ ጉዳይ አስገዳጅ ስምምነት ላይ ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። አሥር ቀን ተከራከሩ፣ መጨረሻውን ሌሊት ሲነጋገሩ አነጉት፣ ከዚያ ሳይስማሙ ተለያዩ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ላይም የሆነው ይኸው ነው። ዋናው ጭቅጭቅ ፕላስቲክ ማምረቱ ራሱ ይገደብ ወይስ የቆሻሻ አያያዙ ብቻ ይስተካከል የሚለው ላይ ነው። ነዳጅ አምራች አገራት ምርቱ እንዲነካባቸው አይፈልጉም፤ ፕላስቲክ የሚሠራው ከነዳጅና ከጋዝ ነዋ።

ዜናው በዚህ አለፈ። እኛ ግን ከዜናው ጀርባ ያለች አንዲት ጥያቄ አልለቀቀችንም። ነገ ተስማሙ እንበል። ፈረሙ፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሱ። ከዚያስ? ባሕሩ እየጸዳ መሆኑን ማን፣ በምን ያውቃል? ባሕር እንደ ግቢ ተጠርጎ ቆሻሻው አይቆጠርም። በመርከብ መረብ እየጎተቱ መለካት ይቻላል፣ ግን ውድ ነው፤ ደግሞ ዛሬ የጎተትክበት ቦታ ነገ ሌላ ነው። ማዕበል ይገለብጠዋል፣ ንፋስ ይወስደዋል።

አንድ የባሕር አካባቢ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አግኝቶ ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል። መለኪያው ባሕር ዳር ወድቆ የተገኘ የሞተ ወፍ ሆድ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የኛ ሲሆን ዓ.ም እንላለን።)

ቦታው ሰሜን ባሕር ነው፤ እንግሊዝ፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም የከበቡት። ወፉ ፉልማር ይባላል። ነጭና ግራጫ ነው፣ ክብደቱ 800 ግራም ገደማ፣ ማለትም ከአንዲት የሐበሻ ዶሮ ያንሳል። ክንፉን ብዙ ሳያርገበግብ በማዕበሉ አናት ላይ ይንሳፈፋል። ዕድሜው ረጅም ነው፣ 40 ዓመት ያለፉ አሉ። ሲያስፈራሩት ከሆዱ የሚገማ ዘይት ይተፋል፤ ስሙ ራሱ ከጥንት የኖርዌጂያኖች ቋንቋ የመጣና "የሚገማ ወፍ" ወደሚል ትርጉም የሚጠጋ ነው። መልኩን አይታችሁ ለዚህ ሥራ ትመርጡታላችሁ ብለን አናስብም።

ግን ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ አልተገኘም። ምክንያቱም፦ ፉልማር የሚበላው ባሕር ላይ ብቻ ነው። አንዳንድ የባሕር ወፎች ወደ ከተማ ብቅ ብለው ከቆሻሻ ገንዳ ይለቃቅማሉ፣ እሱ የለም። ስለዚህ ሆዱ ውስጥ የተገኘ ፕላስቲክ ከባሕር የመጣ ነው፣ ክርክር የለውም። ደግሞ ምግብ አይመርጥም። ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ዓሣም፣ የዓሣ እንቁላልም፣ ከጀልባ የተጣለ የዓሣ አንጀትም ይውጣል። ላስቲክም አብሮ ይገባል።

ትልቁ ነገር ግን ሆዱ የተሠራበት መንገድ ነው። ብዙ ወፎች የማይፈጭ ነገር ሲገጥማቸው ጠቅልለው መልሰው ይተፉታል። ፉልማር ጠንካራውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። ሆዱ ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ሰፊ ከረጢት ነው፣ ሁለተኛው ጡንቻማ ነው። ዶሮ ስትገነጠል ጠጠር የሚገኝበትን ያን ጠንካራ ክፍል አስቡት። በሁለቱ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው። ፕላስቲኩ ተፈጭቶ ተፈጭቶ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስ ወደ አንጀት አያልፍም። እስከዚያ እዚያው ተጠራቅሞ ይቆያል። ስለዚህ የሞተውን ወፍ ሆድ ስትከፍቱ የምታገኙት የዛሬ ቁርሱን ብቻ አይደለም፣ ያለፉትን ሳምንታት ታሪክ ነው። ወፉ በሰፊ ባሕር ላይ እየዞረ ናሙና ሲሰበስብ ከርሟል ማለት ነው፤ ነዳጅ ሳይጠይቅ፣ አበል ሳይጠይቅ።

ሐሳቡን ከሁሉም በላይ የገፋው ያን ቫን ፍራነከር የተባለ ሆላንዳዊ የባሕር ወፍ ተመራማሪ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የፉልማር ሆድ መረጃ የሚጀምረው ከ1979 ነው። ያኔ ሰዎች ባሕር ዳር እየዞሩ የሞቱ ወፎችን የሚቆጥሩት በሌላ ምክንያት ነበር፤ ከመርከብ የሚፈስ ዘይት ስንት ወፍ እንደገደለ ለማወቅ። ወፎቹ ተለቅመው ከመጡ በኋላ ሆዳቸውን መክፈት ተጨማሪ ሥራ ነው እንጂ አዲስ ጉዞ አይደለም። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ባሕር ዙሪያ ያሉ አገራት በአንድ ፕሮጀክት ተያይዘው ያንኑ ሥራ በአንድ ዓይነት ዘዴ መሥራት ጀመሩ። ለቃሚዎቹ በብዛት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክረምት ላይ፣ በብርድ፣ አሸዋው ላይ እየተራመዱ የሞተ ወፍ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ፍሪጅ የሚወስዱ ሰዎች። (አዎ፣ በላስቲክ። እኛም ስናነበው ፈገግ አልን።)

ላብራቶሪ ውስጥ የሚሆነው ውስብስብ አይደለም። ወፉ ይቀልጣል፣ ዕድሜውና ጾታው ይመዘገባል፣ ሆዱ ይከፈታል፣ ይዘቱ ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር በሆነ ወንፊት ላይ በውኃ ይታጠባል። የቀረው በማይክሮስኮፕ እየታየ ይለያል፦ ስስ ላስቲክ ለብቻ፣ የገመድና የመረብ ክር ለብቻ፣ ፎም ለብቻ፣ የተሰባበረ ጠንካራ ፕላስቲክ ለብቻ፣ የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ለብቻ። ከዚያ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ሚዛኑ ከወርቅ ቤቱም ሚዛን የረቀቀ ነው፤ ከግራም አሥር ሺህኛ ድረስ ያነባል። ከአንድ አካባቢ 40 ያህል ወፍ ከተገኘ አስተማማኝ አማካይ ለማውጣት ይበቃል ይላሉ። ለውጥ አለ የለም ለማለት ግን ከአራት እስከ ስምንት ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን አገኙ?

ከ2003 እስከ 2007 ባለው ጊዜ 1,295 ወፎች ተመረመሩ። 95 በመቶዎቹ ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ ነበር። በአማካይ በአንድ ወፍ 35 ቁራጭ፣ ክብደቱ 0.31 ግራም። 0.31 ግራም ምንም አይመስልም፣ እናውቃለን። ግን ወፉ 800 ግራም ነው። ሒሳቡን በ60 ኪሎ ሰው ስናሰላው ወደ 23 ግራም ይመጣል። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቆራርጣችሁ ብትውጡት እንኳ እዚያ አይደርስም።

እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ ከሳይንስ ወደ ፖለቲካ የተሻገረው። በ2002 ኖርዌይ በርገን ላይ የተሰበሰቡት የሰሜን ባሕር አገራት ሚኒስትሮች የባሕሩ ጤንነት በቁጥር መለካት አለበት ብለው ከወሰኑባቸው ነገሮች አንዱ በባሕር ወፎች ሆድ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ነበር። ከዚያ ኦስፓር የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ አገራት ስምምነት አንድ ግብ አስቀመጠ፦ ሆዳቸው ውስጥ ከ0.1 ግራም በላይ ፕላስቲክ ያለባቸው ፉልማሮች ከ10 በመቶ በታች መሆን አለባቸው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 ያወጣው የባሕር ሕግ ሲተገበር ይህንኑ ዘዴ ከመለኪያዎቹ አንዱ አደረገው።

0.1 ግራም ስንት ነው? 300 ገደማ የጤፍ ፍሬ ነው። መዳፋችሁ ላይ ብታደርጉት እፍ ሲባል የሚበተን።

ቁጥሩ ከየት መጣ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሰው የሚያስበው 0.1 ግራም ወፉን የሚገድል መጠን ነው ብሎ ነው። አይደለም። መርዝነቱ ተሰልቶ የወጣ መጠን አይደለም። መጀመሪያ ላይ ግቡ ሲቀመጥ ፖለቲካዊ ምርጫ ነበር፤ ኋላ ላይ ተመራማሪዎቹ ከሰው ርቆ ባለው በካናዳ አርክቲክ የሚኖሩ ፉልማሮችን መረጃ ወስደው ሲያሰሉ ከዚያው ከ10 በመቶ ጋር የሚገጥም ቁጥር አገኙ። ማለትም ግቡ "ምንም ፕላስቲክ አይኑር" አይደለም። "ቢያንስ ዛሬ ካለን ንጹሕ ቦታ ጋር እንስተካከል" ነው። የዓለም ጫፍ ላይ ያለው ወፍ ራሱ ንጹሕ አለመሆኑን ልብ በሉልን።

ፈተናውንስ አለፉ? ከ2003 እስከ 2007 ከ0.1 ግራም በላይ የተገኘባቸው 58 በመቶ ነበሩ። ከ2014 እስከ 2018 ደግሞ 393 ወፎች ተመርምረው 51 በመቶ ሆኑ። ወርዷል፣ እውነት ነው። ግቡ 10 ነው። ተመራማሪዎቹ በዚያ አካሄድ ከቀጠለ መቼ ይደረሳል ብለው ሲያሰሉ ያገኙት ዓመት 2054 ነው። አሁን 20 ዓመት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ያኔ ሃምሳ ሊሞላችሁ ይሆናል፤ ያውም የዓለም ሀብታም የሆኑ አገራት በከበቡት አንድ ባሕር ላይ።

ይህን ብቻ አንብቦ "ዋጋ የለውም" ማለት ይቻላል። እኛ ግን ከሁሉም የሳበን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያው ሆድ ውስጥ ያሉት ሁለት ዓይነት ፕላስቲኮች በተለያየ መንገድ መሄዳቸው።

አንደኛው ዓይነት ፔሌት የሚባለው ነው። ማንኛውም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ጀሪካን በሉት ባልዲ በሉት ኮንጎ ጫማ፣ መጀመሪያ ምስር የምታክል ፍሬ ነው። ፋብሪካዎች ፍሬውን በከረጢት ገዝተው አቅልጠው ይቀርጹታል። የኛም አገር ፋብሪካዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፣ ጥሬ ዕቃው በጅቡቲ በኩል በመርከብ ይመጣል። ይህ ፍሬ ሲጫን ይፈሳል፣ ሲራገፍ ይፈሳል፣ ከረጢት ሲቀደድ ይፈሳል። ወፎቹ ደግሞ የዓሣ እንቁላል ስለሚመስላቸው ሳይሆን አይቀርም ይውጡታል።

ሁለተኛው ዓይነት እኔና እናንተ ተጠቅመን የጣልነው ነው። ፌስታሉ፣ ክዳኑ፣ ገመዱ፣ የተሰባበረው ሁሉ።

ከ1980ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ባለው ጊዜ በሆላንድ ፉልማሮች ሆድ ውስጥ የፋብሪካው ፍሬ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ተጠቅመን የምንጥለው ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በጠቅላላው ሲታይ ብዙም ለውጥ የለም የሚያስብል ነበር። ሲለያይ ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። ፍሬው ካለፈው ክፍለ ዘመን 80ዎቹ ወዲህ ወደ 75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በአትላንቲክ መካከል በመርከብ መረብ ሲጎትቱ የነበሩ ተመራማሪዎችም በሌላ ዘዴ፣ በሌላ ቦታ፣ ተመሳሳይ ቅነሳ አይተዋል። በደቡቡ አትላንቲክና በሕንድ ውቅያኖስ ወፎች ላይ የተሠራ ጥናትም እንዲሁ። ወፉና መረቡ ሳይነጋገሩ አንድ ቃል ሰጡ ማለት ነው።

ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ ወፉ የሚናገረው እውነት ነው። ሁለተኛ፣ የፕላስቲክ ምርት በዚያው ዘመን እየጨመረ ነበር፤ ዛሬ ዓለም በዓመት ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ያመርታል። ምርቱ ሲጨምር ፍሬው ከቀነሰ፣ አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ መፍሰሱን አቁሞታል ማለት ነው። ፍሬው ለፋብሪካው ገንዘብ ነው፤ ሲፈስ ብር እየፈሰሰ ነው። የተጣለ ፌስታል ግን የማንም ገንዘብ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ይመስለናል፣ የኛ ግምት ነው።

ይህ ሲባል ግን ፍሬው ታሪክ ሆነ ማለት አይደለም። ግንቦት 2021 ኤክስፕረስ ፐርል የተባለችው ዕቃ ጫኝ መርከብ ስሪላንካ ኮሎምቦ አጠገብ ተቃጥላ 1,680 ቶን ገደማ ፍሬ ይዛ ሰጠመች። ባሕር ዳሩ በነጭ ፍሬ ተሸፍኖ ሰዎች በወንፊት ሲያበጥሩ ያየነው ያኔ ነው። የአመታት ጥንቃቄ በአንድ መርከብ ይፈርሳል። የአውሮፓ ኅብረት ስለ ፍሬ መፍሰስ የተለየ ሕግ ያጸደቀው ገና በ2025 ነው።

አሁን ደግሞ ስልካችሁ ላይ ወዳለው ነገር እንምጣ። ሚድዌይ የምትባለው የፓስፊክ ደሴት ላይ የሞተ የአልባትሮስ ጫጩት፣ ሆዱ ተከፍቶ ክዳንና ላይተር ሞልቶበት የሚያሳየውን ፎቶ አይታችሁታል። ክሪስ ጆርዳን የተባለው ፎቶግራፈር ከ2009 ጀምሮ ያነሳቸው ናቸው፣ ሐሰት አይደሉም። ፎቶው ያስደነግጣል፣ ያስለቅሳል። ግን ፎቶ አይለካም። ከአምናው ባሰ ወይ ተሻለ አይነግራችሁም።

"90 በመቶ የባሕር ወፎች ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ አለ" የሚለውም በየገጹ ይዞራል። ምንጩ በ2015 የወጣ ከባድ ጥናት ነው፣ ቁጥሩ ግን ተጠምዝዞ ነው የሚመጣው። ተመራማሪዎቹ ከ1962 እስከ 2012 የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ከ135 ዝርያዎች በ80ዎቹ ላይ ፕላስቲክ ተገኝቷል፤ በነዚያ ጥናቶች ውስጥ ደግሞ በአማካይ ከወፎቹ 29 በመቶ ያህሉ ላይ። 90 የሚለው ቁጥር የድሮዎቹ ጥናቶች ዛሬ ቢደገሙ ምን ይገኝ ነበር የሚል ስሌት ነው። በ2050 ደግሞ 99 በመቶ የሚሆኑት ዝርያዎች ይነካሉ የሚል ትንበያ አለበት። ስሌት ስሕተት ነው እያልን አይደለም። ሼር ከማድረጋችን በፊት የተቆጠረውንና የተገመተውን እንለይ ነው የምንለው። የሰሜን ባሕሩ 51 በመቶ የተቆጠረ ነው፤ ወፉ አለ፣ ሚዛኑ አለ፣ ዓመቱ አለ።

የተቆጠረውም ቢሆን የማይነግረን አለ። ወንፊቱ 1 ሚሊሜትር ስለሆነ ከዚያ በታች ያለው ደቃቅ ፕላስቲክ በውኃው ያልፋል። ፉልማር የሚለቅመው ከላይ የተንሳፈፈውን ስለሆነ ወደ ባሕሩ ወለል የሰመጠው አይታየውም። ወጣት ወፎች ከትልልቆቹ የበለጠ ፕላስቲክ ይዘው ይገኛሉ፣ ስለዚህ የዕድሜ ድርሻቸው ካልተያዘ ውጤቱ ይዛባል። "የሞቱት እኮ የታመሙት ናቸው፣ ጤነኛውን አይወክሉም" የሚል ክርክርም ተነስቶ ነበር፤ ዘዴው ሲመሠረት ተፈትሾ የወፉ የሰውነት ሁኔታ የፕላስቲኩን መጠን እንደማይቀይረው ነው የተገኘው። አብዛኞቹ ወፎችም የሞቱት በፕላስቲኩ አይደለም፤ በረሀብ፣ በማዕበል፣ በሌላ። ፕላስቲኩ ገዳይ ነው ብሎ ለመክሰስ ሌላ ዓይነት ጥናት ያስፈልጋል።

እሱም እየመጣ ነው። ከአውስትራሊያ የብስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ሎርድ ሀው ደሴት ላይ ሺርዋተር የሚባሉ ወፎችን ጫጩቶች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2023 ያወጡት ጽሑፍ፣ ፕላስቲክ የዋጡት ጫጩቶች የሆዳቸው ግድግዳ ተደጋግሞ በመቁሰል ጠባሳ እንደሠራ አሳይቷል። ለዚህ ሕመም አዲስ ስም ሁሉ ሰጡት፤ ፕላስቲኮሲስ። በዚያው ዓመት ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች 77 ዝርያ የሆኑ 7,137 ወፎች የበረሩበትን በመከታተያ መሣሪያ የተመዘገበ መንገድ ከባሕር ፕላስቲክ ካርታ ጋር ደረቡት። ወፎቹ ከፕላስቲክ ጋር የመገናኘት ዕድላቸው ከሁሉ የከፋው ሜዲትራኒያንና ጥቁር ባሕር ላይ ሆኖ ተገኘ። ወፍ እንግዲህ ፓስፖርት የለውም፤ አንዱ አገር ላይ ጎጆ ሠርቶ የሌላውን አገር ቆሻሻ ይበላል። ለዚህ ነው አንድ አገር ብቻውን የሚያወጣው ሕግ ወፉን አያድነውም የሚባለው፤ ጄኔቫ ላይ የተሰናከለውም ለዚህ ነው የሚያስቆጨው።

ሜዲትራኒያን ላይ ፉልማር ስለሌለ እዚያ የሚጠቀሙት የባሕር ኤሊ ነው። ዘዴው ያው ነው፣ እንስሳው ተቀየረ። ይህን ያነሳነው ወደ ራሳችን ለመምጣት ነው።

እኛ ባሕር የለንም። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ዓባይም ሜዲትራኒያን እስኪደርስ በየግድቡ እየቆመ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የተጣለ ፌስታል በሰሜን ባሕር ፉልማር ሆድ ይገኛል ብለን አንዋሻችሁም። ግን ያው ጥያቄ እዚህም አለ። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክሎ ነበር። ማን አስታወሰው? ፌስታሉ እንደሆነ ከቁጥር በላይ ሆነ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ፓርላማው የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ፤ በአዲሱ ይዞ መገኘትም በገንዘብ ያስቀጣል። በአምስት ዓመቱ ሠራ ወይስ አልሠራም ለማለት በምን እንለካለን? በተቀጡ ሰዎች ብዛት? እሱ የደንብ አስከባሪን ትጋት ነው የሚለካው፣ ፌስታሉን አይደለም።

መለኪያው አጠገባችን ያለ ይመስለናል፤ በየቄራው። በተለያዩ ከተሞቻችን ቄራዎች በእንስሳት ሐኪሞች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ፦ በታረዱ ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ጨጓራ ውስጥ ከሚገኙት ባዕድ ነገሮች በብዛት ቀዳሚው ፕላስቲክ ነው። ከሱ ቀጥሎ ገመድ፣ ጨርቅ፣ ሚስማር፣ ምኑ ቅጡ። ማንኛውም በግ አርዶ ጨጓራ ያጠበ ሰው ያውቀዋል። የተቋጠረ ፌስታል ወጥቶ "ይሄን ነው የበላችው?" ተብሎ ይጣላል። የሰሜን ባሕር ሰዎች ለአንድ ወፍ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛሉ፤ እኛ ጋ ቄራ በየቀኑ ሆድ ይከፈታል፣ ስጋ መርማሪውም እዚያው ቆሟል።

የጎደለው ሚዛኑና መዝገቡ ነው። ጥናቶቹ የመመረቂያ ወይም የአንድ ጊዜ ሥራ ሆነው ይቀራሉ፤ አንዱ መጠኑን ይመዝናል፣ ሌላው "አለ" ወይም "የለም" ብቻ ይላል፣ ስለዚህ የዛሬ አሥር ዓመቱን ከዘንድሮው ጋር ማስተያየት አይቻልም። ፉልማሩን መለኪያ ያደረገው ወፍነቱ አይደለም፣ ከ1979 ጀምሮ በአንድ ዓይነት መንገድ መመዝገቡ ነው። በሬ እንደ ፉልማር አይደለም፣ ይህም መባል አለበት። ይነዳል፣ ይሸጣል፣ ከቦረና ተነስቶ አዳማ ሊታረድ ይችላል፤ ፌስታሉ ደግሞ በጨጓራው ውስጥ ሳይፈጭ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከየት እንደመጣና ዕድሜው ስንት እንደሆነ አብሮ ካልተጻፈ ቁጥሩ የየትኛው አካባቢ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አይታወቅም። በግ በዚህ ይሻላል፤ ዕድሜው አጭር ስለሆነ የሚይዘው የቅርቡን ነው።

ግቡስ ስንት ይሁን? አውሮፓውያኑ ከካናዳ አርክቲክ ወፍ ነው የተዋሱት። የኛን ለማውጣት ደግሞ መነሻ የሚሆነው ከአስፋልትና ከገበያ ርቆ የከረመ በግ ነው። እሱን ከከተማ ዳር ገንዳ ሲለቃቅም ካደገው ጎን አስቀምጦ መመዝን ወንፊት፣ ሚዛንና አንድ ደብተር ይፈልጋል፤ ሥራው ደግሞ አዋጁ ገና አዲስ ሳለ፣ አሁን ካልተጀመረ፣ በኋላ የሚወዳደርበት የ"በፊት" ቁጥር አይኖርም።